ዶሮዋን የበላት ማን ነው?

ጠዋት ቆጡ ሲታይ ሁለት ዶሮ ጎድሏል። ባለቤቱ «ሸለምጥማጥ ነው» ይላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ የማዶውን ቤት ውሻ ይጠረጥራል። ሲመሽ መርዝ የተለወሰ ሥጋ ጓሮ ይጣላል። በማግስቱ ሞቶ የሚገኘው ግን የገዛ ቤቱ ውሻ ነው፤ ዶሮው መጉደሉንም አያቆምም። በጓሮ ዶሮ ላይ ገንዘባቸውን ያዋሉ ብዙዎች እንዲህ ሁለት ጊዜ ይከስራሉ፤ አንድ ጊዜ በበላተኛው፣ ሌላ ጊዜ በላተኛውን ባለማወቅ።

በአገራችን ከሚረቡት ዶሮዎች አብዛኞቹ ቀን ጭረው ማታ ቆጥ ላይ የሚያድሩ የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው። አንዲት ዶሮ ከ10 እስከ 15 እንቁላል ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች፤ ከጫጩቶቹ ግን ብዙዎቹ ለገበያ ሳይደርሱ ይቀራሉ። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ለሥራው አዲስ የሆኑ ቤተሰቦችም የ45 ቀን ጫጩት እየገዙ ገብተውበታል። ዝርያቸው የተሻሻለ ዶሮዎች እንቁላል በመጣል ቢበልጡም፣ ጭልፊት አይቶ በመሸሽ የሐበሻዋን ያህል አይቀለጥፉም።

መጀመሪያ ሰዓቱ

አርቢው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው «የጠፋችው ቀን ነው ወይስ ሌሊት?» ብሎ ነው። ቀን የሚመጣው በአብዛኛው ከሰማይ ነው። ጭልፊትና ጭላት ጫጩት ሲነጥቁ ደምም ላባም አይተዉም። ትልቅ ዶሮ የያዘ አሞራ ግን ይዞ መብረር ስለሚከብደው እዚያው ላባዋን ነቅሎ ይከምርና የደረቷን ሥጋ ይበላል። ሸለምጥማጥ፣ ጥርኝና ጉጉት የሌሊት ናቸው። ውሻ ግን ሰዓት አይመርጥም።

ቀጥሎ ሬሳው

ሸለምጥማጥ ቀጭን ነው። ዛፍም ግድግዳም ይወጣል፤ ሰው «በዚህማ ምን ይገባል?» ብሎ በናቀው ቀዳዳ ይገባል። አንገት ላይ ነክሶ ይገድልና ብዙውን ጊዜ ራስና ደረት በልቶ የቀረውን ይተዋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከገባ ከሚበላው በላይ ሊገድል ይችላል። ዛፍ ላይ ያደረች ዶሮ ራሷና አንገቷ ብቻ ጠፍቶ ከተገኘ ጉጉትም ይጠረጠራል።

የውሻ ሥራ በግልጽ ይታያል። ብዙ ዶሮዎች ጀርባና ጎናቸው ተዘነጣጥሎ፣ ሳይበሉ ወዲያና ወዲህ ወድቀው ይገኛሉ፤ አጥሩ ሥርም መሬቱ ተቆፍሯል።

ጥርጣሬው ካልጠራ ማታ በቤቱ በር ላይ የተነፋ አመድ በስሱ መበተን ነው። ጠዋት ዱካው ይነበባል። የውሻና የቀበሮ ዱካ ላይ ጥፍር ይታያል፤ የድመት ዱካ ክብ ነው፣ ጥፍርም አይታይበትም።

እንቁላል ሲጠፋም እንዲሁ ነው። እባብ ሙሉውን ስለሚውጥ ቅርፊት አይተውም። ጎጆው ውስጥ ቅርፊትና የፈሰሰ አስኳል ካለ ግን የዶሮዎቹን አፍ ማየት ነው፤ የገዛ እንቁላሏን የምትበላ ዶሮ አለች።

ሬሳ የበላ ሁሉ ገዳይ አይደለም

ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሌሊት በፈንግል የሞተችን ዶሮ ውሻ ወይም ድመት ይበላታል፤ ጠዋት አውሬ ይከሰሳል። ቁስሉ ዙሪያ ከቆዳዋ ሥር ደም ከቋጠረ በሕይወት ሳለች ተነክሳለች፤ ካልቋጠረ ከሞተች በኋላ ሊሆን ይችላል። የተረፉት ዶሮዎች ካንቀላፉ፣ አረንጓዴ ቅዘን ካላቸው ወይም አንገታቸው ከተጣመመ ሽቦ መግዛት ትርፉ ድካም ነው። ሬሳውን በባዶ እጅ ሳይነኩ መቅበርና የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል። የፈንግል ክትባት እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ መከተብ የሚገባው ግን በሽታው ከመግባቱ በፊት ነው።

ላባ የማይጥለው በላተኛ

ደም የለም፣ ላባ የለም፣ በሩም መልሶ ተዘግቷል። የጠፋው ደግሞ ከሁሉ የሚደልበው አውራ ዶሮ ነው፤ ፋሲካ ሊገባም ሦስት ቀን ቀርቶታል። ይህ አውሬ በሁለት እግሩ የሚሄድ ስለሆነ መድኃኒቱ ጥሩ ቁልፍ ነው።

ወጪው እንደ በላተኛው ይሁን

ጭልፊት ከሆነ ጫጩቶቹን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርጫት ወይም በመረብ ሥር ማዋል ይበቃል። ለሸለምጥማጥ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ሳይቀር ጠበብ ባለ ሽቦ መድፈን፣ ለውሻ ደግሞ የአጥሩን ሽቦ መሬት ውስጥ ቆፍሮ መቅበር ያስፈልጋል። ለጭልፊት የሚዘረጋ መረብ ከታች ቆፍሮ የሚገባን ውሻ አያቆምም።

መርዝ ግን ለየትኛውም አይሆንም። ከቤቱ ውሻ አልፎ ሬሳውን የሚበላውን ጥንብ አንሳ ይገድላል። ኢትዮጵያ ዝባዱን ለሽቶ ሠሪዎች ስትሸጥለት የኖረችው ጥርኝም ሥጋውን ካገኘ አይተርፍም። አንድ ሰፌድ አመድ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል፤ ከምድጃ ነው የሚገኘው።