የቀጠሮ ቀን ስኳር

በየሆስፒታላችን የስኳር ሕመም ክትትል ባብዛኛው የሚመራው ማለዳ በባዶ ሆድ በሚለካ አንድ ቁጥር ነው። ሕመሙን ለመለየት ቁጥሩ ታማኝ ነው፤ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይቀመስ በዴሲሊትር ደም 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከተገኘ፣ ምልክት በሌለው ሰው ላይም ምርመራው ተደግሞ ከጸና፣ ጥርጣሬ አይቀርም። ለክትትል ግን ከሚገባው በላይ አምነነዋል። ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ ማኪያቶውን በሦስት ማንኪያ ስኳር ሲያጣጥም የከረመ ታካሚ፣ ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሆስፒታል ቀጠሮው ሲደርስ ጥቂት ቀን ቢጠነቀቅና የዘለለውን ክኒን ቢቀጥል ያማረ ውጤት ይዞ ሊቀርብ ይችላል። ማታለል አልለውም፤ ሐኪሙን ላለማሳፈር ነው። ሳያጭበረብርም ቢሆን፣ ከምሳ በኋላ የሚያሻቅበው ስኳር በማለዳው ልኬት አይታይም።

ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖርና ስኳር ሄሞግሎቢኑ ላይ ስለሚጣበቅ፣ ኤዋንሲ የተባለው ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ይናገራል። በ1993 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት 1,441 የአንደኛው ዓይነት ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ኤዋንሲያቸው 7 በመቶ አካባቢ እንዲቆይ ከተደረጉት መካከል፣ ሲጀመር ዓይናቸው ጤነኛ በነበረው ላይ የዓይን ጉዳት የመከሰት ዕድል 76 በመቶ ቀንሷል።

ምርመራው ውድ ነው፣ የደም ማነስም ያሳስተዋል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የብረት እጥረት ውጤቱን ከፍ፣ የቀይ ሕዋስ ቶሎ መፍረስ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ግን ወደ ማለዳው ቁጥር ብቻ እንድንመለስ አያስገድድም። ስኳርን በተለያየ ሰዓት መለካት ይቻላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉዳቱ የሚደርስበትን አካል ማየት። በ10 ግራም ኃይል የሚታጠፍ የናይለን ክር የእግር መዳፍ ላይ አስነክቶ ታካሚው መስማቱን መጠየቅ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ሰልፉ ረጅም ነው ለሚል፣ ይህን ነርስ ታካሚው ወረፋ ሲጠብቅ ልትሠራው ትችላለች፤ ጫማና ካልሲ ማስወለቅ ብቻ ነው ጣጣው። ሽንት ውስጥ አልቡሚን መፈለግም የኩላሊቱን ጉዳት ገና ሳይብስ ይጠቁማል። ዓይንን በተመለከተ «ደህና አያለሁ» የሚለው መልስ ዋጋ የለውም፤ ሬቲና ተጎድቶም እይታ ለዓመታት ላይደክም ይችላል፤ ሌዘር ይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ እይታ ሳይጠፋ ነው። የሁለተኛው ዓይነት ታካሚ ሕመሙ እንደታወቀ ዓይኑን መታየት አለበት፤ በዓይን ሕክምና የታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ደግሞ ለአራዳ ሰው ሩቅ አይደለም።