በሰርቨር በኩል በሚሠሩ የድረ ገጽ ፕሮግራሞች ከገጽ ወደ ገጽ ስለ መሸጋገር

ከጥቂት ወራት በፊት ለአንድ የተማሪዎች ማኅበር የመዋጮ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። ከፋዩ ስሙንና የገንዘቡን ልክ ጽፎ «መዝግብ» የሚለውን ሲጫን፣ ፕሮግራሙ ከመዝገብ ያገባና የምስጋና ገጽ ያሳየዋል። በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ሲመረመር ግን 50 ብር የከፈለ ተማሪ 150 ብር እንደ ከፈለ ሆኖ ተገኘ። ገንዘብ ያዡም በመዝገብ ታይቶ በሣጥን የሌለውን 100 ብር አምጣ ተብሎ ሁለት ቀን ሙሉ በጥርጣሬ ዐይን ሲታይ ሰነበተ። ጥፋቱ ግን የእርሱ ሳይሆን የእኛ ነበር፤ ይኸውም የገጽ መሸጋገርን ነገር እንደ ቀላል ቆጥረን ስላለፍነው ነው።

እንደሚታወቀው ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ የተባለው ሥርዐት ትዝታ የለውም። እያንዳንዱ ጥያቄ ለሰርቨሩ እንደ አዲስ ባለጉዳይ ነው። ጥያቄዎቹም በተለይ ሁለት ዐይነት ናቸው፤ ጌት የተባለው «አሳየኝ» ሲል፣ ፖስት የተባለው «ይህን ተቀብለህ ሥራበት» ይላል። ጌት ዐሥር ጊዜ ቢደገም ጉዳት እንዳይኖረው ሆኖ የታሰበ ነው፤ ፖስት ግን በተደገመ ቍጥር ሥራውም ይደገማል።

እኛ የተጠቀምንበት እ.ኤ.አ. በ2004 ጃቫሰርቨር ፌስስ ተብሎ የወጣው፣ ዛሬ ጃካርታ ፌስስ የሚባለው የጃቫ ፍሬምወርክ ነው። በዚህ ፍሬምወርክ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ፎርሙ በፖስት የሚላከው ወደሚቀጥለው ገጽ ሳይሆን ወደ ራሱ ወደ ነበረበት ገጽ አድራሻ ነው። ሰርቨሩም የተጻፈውን መርምሮ ከቁልፉ ጋር የተያያዘውን ሥራ ያካሂዳል፤ ሥራውም ሲያበቃ «ተሳካ» ወይም «አልተሳካም» እንደሚል ያለ አንድ ቃል ይመልሳል። የመሸጋገሪያው ክፍል ይህን ቃል ይዞ በኤክስኤምኤል የተጻፈውን ደንብ ይመለከታል። ደንቡም «ከዚህ ገጽ ተነሥቶ ይህ ቃል ከመጣ፣ ወደዚያ ገጽ ሂድ» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ከ2.0 ወዲህ ደንብ ባይጻፍም ቃሉ ራሱ እንደ ገጽ ስም ይቆጠራል። ይህ ለትንሽ ፕሮግራም ድካም ያቀልላል፤ ገጾቹ ሲበዙ ግን የመንገዱን ካርታ በአንድ ሥፍራ ማየት ስለማይቻል፣ የቀድሞውን አሠራር የሚመርጥ ሰው ኋላ ቀር ነው አንልም።

ዋናው ነገር ግን ገጹ የሚመጣበት መንገድ ነው። በመሥሪያ ቤት እንዳየነው፣ ጸሐፊው የባለጉዳዩን ወረቀት ከተቀበለ በኋላ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። አንደኛው፣ ፋይሉን በውስጥ በር ለጓደኛው አቀብሎ መልሱን በዚያው በመስኮቱ መስጠት ነው። ባለጉዳዩ ሌላ ክፍል መልስ እንደ ሰጠው አያውቅም። ይህ ፎርዋርድ ይባላል፤ ፌስስም ካልተነገረው በቀር በዚሁ መልክ ይሠራል። ሁለተኛው «ጉዳይህ ተፈጽሟል፤ አሁን ወደ መስኮት 7 ሂድ» ብሎ ማሰናበት ነው። ይህ ሪዳይሬክት ነው።

በፎርዋርድ የምስጋናው ገጽ ቢታይም በብራውዘሩ የአድራሻ መስመር ላይ ያለው የፎርሙ አድራሻ ነው፤ የመጨረሻው ጥያቄም ፖስት ነው። ስለዚህ ተማሪው ገጹን ለማደስ ሲጫን ብራውዘሩ «ፎርሙ እንደገና ይላክን?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ሳያነበው «እሺ» ይላል። የእኛ ከፋይ ይህን ሁለት ጊዜ አድርጎ ኖሯል።

በሪዳይሬክት ግን ሰርቨሩ ገጽ በመላክ ፈንታ አዲሱን አድራሻ ብቻ ይልካል፤ ብራውዘሩም በጌት ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ ገጹ ቢታደስ የሚደገመው «አሳየኝ» ማለቱ ብቻ ነው። በፌስስ ይህን ለማዘዝ ከደንቡ ውስጥ ሪዳይሬክት የሚለውን ቃል መጨመር ይበቃል። ለዚህ መልስ በልማድ የሚሠራበት ቍጥር 302 ነው። በጥንቱ ደንብ 302 የጥያቄውን ዐይነት እንዲለውጥ አልታሰበም ነበር፤ ብራውዘሮች ግን ፖስቱን ወደ ጌት ይለውጡት ስለ ነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 ይህንኑ በግልጽ የሚያዝ 303 የሚባል ቍጥር ጨመረ።

መድኃኒቱ የራሱ ሕመም አለው። ባለጉዳዩ ወደ መስኮት 7 ሲደርስ እንደ አዲስ ሰው ስለሚቆጠር፣ ለአንድ ጥያቄ ብቻ የተያዘው ነገር ሁሉ ይጠፋል። እኛም ደንቡን ባስተካከልን ዕለት «እናመሰግናለን» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የከፋዩ ስም ባዶ ሆኖ ቀረ። ለዚህ 2.0 ያመጣው ፍላሽ የተባለ ማስቀመጫ አለ፤ የተሰጠውን ነገር ለሚቀጥለው ጥያቄ ብቻ ያሻግርና ይጥለዋል። ወይም የደረሰኙን ቍጥር በአድራሻው ላይ ማያያዝ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን የሌላ ሰው ቍጥር ጽፎ ደረሰኙን የሚያይ እንዳይኖር ሰርቨሩ ባለቤቱን መመርመር አለበት። የመሸጋገሪያ ደንብ መንገድ ያሳያል እንጂ በር አይጠብቅም።

ሪዳይሬክትም ቢሆን መልሱ ሳይደርስ ቁልፉን ሁለት ጊዜ የሚጫነውን ችኩል፣ ወይም ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ ፎርም እንደገና የሚልከውን አያግድም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎርም ላይ አንድ የማይደገም ቍጥር አኖርን፤ የመረጃ ቋቱም ያን ቍጥር ሁለተኛ ጊዜ እንዳይቀበል አደረግን። ትርፍ የሆኑትን ሁለት መስመሮች ሰርዘን፣ ገንዘብ ያዡንም በማኅበሩ ስብሰባ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው።