ስክሪኑ ጠቆረ እንጂ ኮምፒውተሩ አልሞተም

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተጫነበት ኮምፒውተር ሲበራ የአምራቹ ዓርማ ይመጣል፣ ጥቂት ጽሑፍ ይሮጣል፣ ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ዊንዶውስ የለመደ ሰው ወዲያው የሚያስበው ፎርማት ማድረግን ነው። አይቸኩል። በሊኑክስ መስኮቱንና ምስሉን የሚያሳየው ክፍል ከላይ የተደረበ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ቢወድቅ ከሥር ያለው ሥራውን ሊቀጥል ይችላል።

ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3ን አንድ ላይ መጫን ነው። ስም የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣ ተርፈናል። የይለፍ ቃሉ ሲጻፍ ኮከብ እንኳ አይታይም፤ ኪቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም።

ይህ ተደራቢ ፕሮግራም ለረጅም ዘመን ኤክስ የሚባለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ተጀመረ፤ 11ኛው ዕትሙ በ1987 ወጣ። ሊኑክስ የተወለደው በ1991 ስለሆነ ኤክስ በዕድሜ ታላቁ ነው። ሲሠራም ፕሮግራሙ አንድ ማሽን ላይ፣ ስክሪኑ ሌላ ማሽን ላይ ሊሆን እንደሚችል ታስቦ ነው፤ ራሱን ችሎ መቆሙም ከዚህ ይመጣል። ዛሬ በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ ቦታውን እየወሰደበት ነው።

ብዙ ጊዜ ተጠርጣሪው የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ነው። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል አፕዴት ሲደረግ ለአሮጌው የተዘጋጀው የኤንቪዲያ ሞጁል ለአዲሱ አይሆንም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚመጣው የግሩብ ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጦ መሞከር ነው፤ በዚያ ከሠራ ጥፋቱ የት እንዳለ ታወቀ። አፕዴቱ ሳያልቅ መብራት ከሄደ ደግሞ ጅምር የቀሩትን ፓኬጆች መጨረስ ይቀድማል።

ኤክስ ያጋጠመውን ሁሉ ሎግ ፋይል ላይ ይጽፋል። በቅንፍ ሁለት የላቲን ኢ ያለበት መስመር ስህተት ነው፤ ሁለት ደብልዩ ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያ በደህና ቀንም አይጠፋም፤ በእሱ መጨነቅ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። «ስክሪን አልተገኘም» የሚል ስህተት ሲታይም የሞኒተር ገመድ ከመነቃቀል በፊት ድራይቨሩን ማየት ይሻላል፤ ኤክስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው ካርዱን የሚያሠራለት በማጣቱ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ መልሶ ወደ መግቢያው የሚወረውረው ነው። እዚህ ላይ መጀመሪያ በዲኤፍ ትዕዛዝ ዲስኩ መሙላት አለመሙላቱን ማየት ያስፈልጋል። ኤክስ ተጠቃሚው ሲገባ በሆም ፎልደሩ አንዲት ትንሽ የፈቃድ ፋይል ይይዛል፤ ስሟ በነጥብ ስለሚጀምር በተራ ዝርዝር አትታይም። ዲስኩ ሲሞላ መጻፍ አይችልም። ቦታ ካለ ደግሞ የፋይሏን ባለቤት ማየት ነው። አንድ ሰው ቸኩሎ ግራፊክሱን በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ አስነስቶ ከሆነ ባለቤቷ አስተዳዳሪው ሩት ሆኖ ይገኛል፤ ባለቤትነቱን መመለስ ወይም ፋይሏን ማጥፋት ይበቃል፣ በሚቀጥለው መግቢያ አዲስ ትፈጠራለች።