ንቅሳትና የሙዚቃ መድረክ

በጀርመን አገር በባይሮይት ከተማ፥ ሪቻርድ ቫግነር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 ያቋቋመው የኦፔራ በዓል ዛሬም ይካሄዳል። በ2004 ዓ.ም. «በራሪው ሆላንዳዊ» በተባለው ኦፔራ ዋናውን ሰው ሆኖ እንዲዘፍን የተመረጠው ሩሲያዊው ኢቭጌኒ ኒኪቲን ነበር። ነገር ግን በዓሉ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው፥ ሐምሌ 14 ቀን፥ ከሥራው ተሰናበተ። ይኸውም ድምፁ ታሞ አይደለም። በወጣትነቱ ደረቱን ገልጦ ከበሮ ሲመታ የሚያሳይ ፊልም በጀርመን ቴሌቪዥን በቀረበ ጊዜ የናዚዎችን ምልክት የሚመስል ንቅሳት ስለ ታየበት ነው። እርሱም መነቀሱ ታላቅ ስሕተት እንደ ነበረ ተናገረ፤ ኋላ ግን ምልክቱ የናዚዎች አልነበረም አለ። በፈንታውም ኮሪያዊው ሳሙኤል ዩን ዘፈነ። ሂትለር ወደዚያ በዓል ይመላለስ ስለ ነበረ ነገሩ በባይሮይት ከሌላው ስፍራ ይልቅ መክበዱ አያስደንቅም።

ሰውየው ግን እንጀራውን አላጣም። በየካቲት 2005 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፥ በዚያው በቫግነር «ፓርሲፋል» ውስጥ ክሊንግዞርን ሆኖ ዘፈነ። እንግዲህ በባይሮይት ያሰናከለው ቀለሙ ሳይሆን የምልክቱ ትርጉም እንደ ነበረ እናስተውላለን።

በኦርኬስትራ ለሚቀመጥ ሰው ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ተፈታኙን ከመጋረጃ ጀርባ አድርጎ መስማት ጀመረ፤ በ1970ዎቹም ብዙዎች የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ይህንኑ ያዙ። የጫማ ኮቴ ሴት መሆንን እንዳይገልጥ ምንጣፍ እስከ ማንጠፍ የደረሱ አሉ! ከመጋረጃው በስተ ጀርባ ንቅሳት ያለበትም የሌለበትም እኩል ነው። ሆኖም በብዙ ስፍራ በመጨረሻው ዙር መጋረጃው ይነሣል፤ ያለፈውም ከባልደረቦቹ መካከል ተቀምጦ ለጊዜው ይፈተናል። ጥቁሩ የመድረክ ልብስ ክንድን ይሸፍናል፤ አንገትንና ጣትን ግን አይሸፍንም።

ስለ ንቅሳት ስንናገር በግንባራቸው መስቀል የተነቀሱትን እናቶቻችንን ልንዘነጋ አይገባም። የግብፅ ክርስቲያኖችም በእጃቸው አንጓ ላይ መስቀል ይነቀሳሉ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ያለው ክልከላ ስለ ሞተ ሰው ሥጋን ከመቁረጥ ጋር ተያይዞ የተሰጠ ነው፤ ስለዚህ በእናቶቻችን ግንባር ያለውን መስቀል ለመንቀፍ የሚቸኩል ሰው አያስደስተንም።

ልጃቸውን ቫዮሊን የሚያስተምሩ ወላጆች ግን፥ ልጁ እጄን ልነቀስ ቢላቸው፥ ከቍጣ አስቀድመው ይህን ያስረዱት። ንቅሳት ቍስል ነው፤ እስኪጠግ ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። በእነዚያ ቀናት በአውታር ላይ የሚሮጡትን ጣቶች ማሳረፍ ግድ ይሆናል፤ ፈተናውም አይጠብቀውም።