ዓሣ የሠራው ዳርቻ፦ ማልዲቭስን እንተዋወቅ

ከሕንድ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ የሚገኘው የደሴቶች አገር ማልዲቭስ ይባላል። ወደ 1,200 የሚጠጉ ትናንሽ ደሴቶች አሉት፤ ሕዝብ የሰፈረባቸው 200 ገደማ ናቸው። የብሱ ሁሉ ቢደመር 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ከተማ ስፋት እንኳ ያንሳል። ተራራም ወንዝም የለውም። ከተፈጥሮ መሬቱ ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሜትር ተኩል አይሞላም። እንዲህም ሆኖ በ2024 ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጎብኚዎችን ተቀብሏል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከጎብኚዎቹ አንዳንዱ ነጩን አሸዋ፣ አንዳንዱ ከውሃው በታች ያለውን ዓለም ፈልጎ ይመጣል። ሁለቱም ግን የሚስተናገዱት በአንድ ባለቤት ነው፤ በኮራል።

ደሴቶቹ እንዴት ተፈጠሩ?

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። እጅግ ጥቃቅን የሆኑ እንስሳት በአንድነት እየኖሩ፣ ከባሕሩ ውሃ ኖራ እያወጡ ቤታቸውን ይሠራሉ። አሮጌው ሲሞት አዲሱ በላዩ ይቀጥላል፤ በዚህ መንገድ ሪፍ የሚባለው ግዙፍ የኮራል አለት ይነሣል።

ቻርልስ ዳርዊን በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ የእንዲህ ያሉ ደሴቶችን አፈጣጠር አስረድቷል። በመጀመሪያ እሳተ ገሞራ ከባሕር ወጥቶ ተራራ ይሆናል። በዙሪያው ጥልቀት በሌለው ውሃ ኮራል ይበቅላል። ተራራው በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ሲሰጥም፣ ኮራሉ ብርሃን ፈላጊ ነውና ወደ ላይ ማደጉን ይቀጥላል። በመጨረሻ ተራራው ከእይታ ጠፍቶ የኮራሉ ቀለበት ብቻ ይቀራል። ይህ ቀለበት አቶል ይባላል። በማልዲቭስ 26 የተፈጥሮ አቶሎች አሉ፤ ከሥራቸው ያለው የኖራ ድንጋይ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ቀለበቱ የውቅያኖሱን ማዕበል ስለሚመክት ውስጡ ያለው ውሃ እንደ ገበቴ ውሃ የረጋ ነው። ዋና የማይችል ሰው ወገቡ ድረስ ገብቶ ዓሣ የሚመለከተው ለዚህ ነው።

ነጩ አሸዋ ደግሞ በአብዛኛው የዓሣ ሥራ ነው። ጥርሶቹ ተጋጥመው የበቀቀን ምንቃር የመሰሉለት አንድ የዓሣ ዘር አለ፤ በእንግሊዝኛ ፓሮትፊሽ ይሉታል። ይህ ዓሣ በሞተ ኮራል ላይ የበቀለውን አልጌ ሲግጥ ድንጋዩንም አብሮ ይቆረጥማል፤ ጉሮሮው ውስጥ ፈጭቶ የተረፈውን ነጭ ዱቄት ከሰውነቱ ያስወግዳል። ቫካሩ በተባለችው ደሴት ዙሪያ ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት፣ በዚያ ሪፍ ላይ አዲስ ከሚፈጠረው አሸዋ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የዚህ ዓሣ ውጤት መሆኑን አሳይቷል። ዓሣው ከጠፋ ዳርቻው የሚተካው አሸዋ ያጣል ማለት ነው።

ከዓሣ አጥማጅ መንደር ወደ ሪዞርት

የማልዲቭስ ሰዎች ለዘመናት የኖሩት ቱና በማጥመድ ነው። ድሮ ድሮ ከዚያ የሚወጣው ዛጎል በባሕር ተሻጋሪ ንግድ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። በ1960ዎቹ አገሩን ያዩ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ቦታው ለቱሪዝም አይሆንም ብለው ነበር። በ1972 ግን ኩሩምባ የተባለው የመጀመሪያው ሪዞርት ከዋና ከተማዋ ማሌ አቅራቢያ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ አንድ ደሴት ለአንድ ሪዞርት የመስጠት አሠራር የአገሩ መለያ ሆነ። መብራቱም፣ ውሃውም፣ ምግብ ቤቱም በዚያችው ደሴት ያልቃል፤ ዋጋው የሚወደደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከ2009 ወዲህ ሕዝብ በሚኖርባቸው ደሴቶችም የእንግዳ ማረፊያ ቤት መክፈት ተፈቅዷል። ማፉሺን የመሳሰሉ ደሴቶች ኪሳቸው ያልደለበ መንገደኞችን የሚቀበሉት በዚህ የተነሣ ነው። አገሩ የእስልምና አገር ስለሆነ በእነዚህ ደሴቶች መጠጥ አይሸጥም፤ አለባበስም ጨዋነትን ይጠይቃል፤ በዋና ልብስ ለመሆን የተከለለ ዳርቻ አለ። ሦስተኛው ምርጫ ሳፋሪ የሚባለው ጀልባ ነው፤ ጠላቂዎች ሳምንት ያህል በላዩ እያደሩ ከአቶል ወደ አቶል ይዘዋወራሉ።

ከኢትዮጵያም ሆነ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚነሣ ሰው በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል ማሌ መድረስ ይቻላል፤ ከዱባይ በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ማልዲቭስ ለአብዛኞቹ አገሮች ዜጎች የ30 ቀን የቱሪስት ቪዛ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይሰጣል። ሩቅ ወዳሉት ሪዞርቶች የሚያደርሰው ውሃ ላይ የሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን በቀን ብርሃን ብቻ ስለሚበር፣ አመሻሽ ላይ የደረሰ እንግዳ ማሌ አካባቢ ማደሩን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ከውሃው በታች

የአቶሉ ቀለበት በብዙ ቦታ ክፍት በር አለው። ውቅያኖሱ በእነዚህ በሮች በኃይል ይገባል፣ ይወጣል፤ ፕላንክተን የተባሉትን ጥቃቅን ሕያዋን ይዞ ሲመጣ ትንሹ ዓሣ ይከተለዋል፣ ትንሹን ትልቁ ይከተላል። ሻርኮች በበሩ አፍ ላይ ተሰልፈው የሚታዩት ለዚህ ነው። ልምድ ያለው ጠላቂ እዚህ አይዋኝም፤ ራሱን ለውሃው ፍሰት ሰጥቶ በሪፉ ጎን ይንሳፈፋል።

ወቅቱን የሚወስነው የሞንሱን ነፋስ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ሰማዩ ይጠራል፣ ባሕሩም ይረጋል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ይበዛል፤ ነገር ግን ማንታ ሬይ የተባለውን ባለ ሰፊ ክንፍ ዓሣ ለማየት የሚሻለው ይህ ጊዜ ነው። በባ አቶል ያለችው የሃኒፋሩ ባሕረ ሰላጤ በነዚህ ወራት ፕላንክተን ሲታፈንባት ማንታዎች በብዛት ይሰበሰቡባታል። ባ አቶል በ2011 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። በሃኒፋሩ በአየር ሲሊንደር መጥለቅ ክልክል ነው፤ እንግዳው መነጽርና ስኖርከል የተባለውን መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ከላይ ብቻ ይመለከታል።

በደቡብ አሪ አቶል ደግሞ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ ዓመቱን ሙሉ ይታያል። ምግቡ ፕላንክተን ስለሆነ ለሰው አያሰጋም። ከምድር ወገብ በታች ያለችው ፉቫሙላ በታይገር ሻርኮቿ የታወቀች ናት፤ እሷ ግን የጀማሪ ቦታ አይደለችም። ይህ ሁሉ የቆየው በሕግ ጭምር ነው። ማልዲቭስ በ2010 ሻርክ ማጥመድን በመላው የባሕር ክልሉ አገደ፤ ዓሣ አጥማጆቹም ቱናን በመረብ ከማፈስ ይልቅ አንድ በአንድ በዘንግ ያወጣሉ።

መጥለቅ መማር ለሚፈልግ የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት ሥልጠና ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስዳል፤ እስከ 18 ሜትር ድረስ መውረድንም ያስችላል። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ማንም ሰው በአገሩ ደንብ ከ30 ሜትር አያልፍም። ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳያርፉ አውሮፕላን መሳፈር አደገኛ ነው፤ በደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ይሠራልና።

ሪፉ ከሌለ ደሴቱ የለም

ኮራል ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው በሰውነቱ ውስጥ ከሚኖር አልጌ ነው። የባሕሩ ሙቀት ከተለመደው በአንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ሲቆይ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣል፤ ነጭ ይሆናል፤ ሙቀቱ ካልበረደለትም በረሃብ ይሞታል። በ1998 በማልዲቭስ ጥልቀት በሌለው ውሃ የነበረው ኮራል አብዛኛው በዚህ መልክ አልቋል። ለዓመታት አገግሞ ሳለ በ2016 እንደገና ተመታ። በ2009 የያኔው ፕሬዚዳንት ሞሐመድ ናሺድ የሚኒስትሮች ምክር ቤታቸውን ከባሕር በታች ጠርተው የሰበሰቡት፣ የአየር ንብረት ለውጥ አገራቸውን እንደሚያጠፋት ለዓለም ለማሳየት ነበር።

ጎብኚው የውቅያኖሱን ሙቀት ብቻውን አያበርድም። ገንዘቡን የት እንደሚያወጣ ግን ይወስናል። ስለዚህ ክፍል ከመያዙ በፊት ሪዞርቱን ሊጠይቅ ይገባል፦ ከደሴቷ ዳር ያለው ሪፍ ሕያው ነው? ዳርቻው በራሱ የቆመ ነው ወይስ ከባሕሩ ሆድ አሸዋ እየተዛቀ የሚሞላ? ፓሮትፊሽ በምግብ ዝርዝራችሁ ውስጥ አለ? ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላም ኮራል ላይ አይቁም፤ ማንታን አያሳድድ፤ ቁራጭ ኮራል በሻንጣው ይዞ አይውጣ። እነዚህን የሚጠይቅና የሚጠብቅ እንግዳ ሲበዛ፣ ሪፉን የሚንከባከብ ሪዞርት ገበያው ይደራለታል፤ የሚያበላሸውም ይከስራል።