አንገቱ የተጎዳን ሰው ስለ ማንሣት

የአጥንት ሐኪም እንደ መሆኔ መጠን፣ «እጅና እግሩን ካንቀሳቀሰ አንገቱ አልተሰበረም» የሚለው አነጋገር እየተስፋፋ መሄዱን ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ስለተረዳሁና ልቤን ስላሳዘነኝ፣ እውነቱን በአጭሩ ልገልጽላችሁ ወደድሁ። አጥንቱ ተሰብሮ ኅብለ ሰረሰሩ ገና ያልተነካ ሰው ቆሞ ሊሄድ ይችላል፤ ጽኑው መከራ የሚከተለው ያለ ጥንቃቄ ሲያነሡት ነው።

1. የአንገት አከርካሪዎች 7 ናቸው። ራስን የተሸከመው አንደኛው፣ ሰው ጥልቀት በሌለው ውሃ በራሱ ተወርውሮ ሲገባ ከሚደርስበት ግፊት የተነሣ ሊፈረካከስ ይችላል።

2. ሁለተኛው ጥርስ መሰል ዘንግ አለው፤ ይህም በአረጋውያን ዘንድ ከቁመት ልክ በመውደቅ ብቻ ሊሰበር ይችላል።

3. እስትንፋስን የሚያዝዘው ነርቭ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ካለው የአንገት ክፍል ስለሚወጣ፣ ኅብለ ሰረሰር ከዚያ በላይ ቢቆረጥ መተንፈስ ይቋረጣል።

ስለዚህ በመኪና አደጋ የወደቀውን ወገናችሁን፣ እሳት ወይም የመሰለው አደጋ ካላስገደደ በቀር፣ ከስፍራው አታንቀሳቅሱት፤ ራሱን ባለበት አጽንታችሁ ይዛችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ሳይመረመርም ወጌሻ አንገቱን እንዳያሸው ከልክሉ።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ በደስታ እመልሳለሁ።