ያውቁ ኖሯል? በድመት ዓይን ላይ የሚወጣ ቡናማ ነጥብ

የድመት ልጆች ዓይናቸውን ሲገልጡ ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ የሚዘልቀው ቀለም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ይህ ጤናማ ለውጥ ነው። ባደገች ድመት ቢጫ ወይም አረንጓዴ ዓይን ላይ ቡናማ ነጥብ ብቅ ካለ ግን ልብ ይበሉ። ጠፍጣፋ ሆኖ ባለበት ከቆየ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። እየሰፋ፣ እየጠቆረና እያበጠ ከሄደ፣ ወይም የብሌኗ ቅርጽ ከተዛባ ሜላኖማ የተባለው ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጉበትና ሳንባም ሊዛመት ይችላል። ለውጡ አንዳንዴ ዓመታት ስለሚወስድ በየቀኑ የሚያያት ሰው ሳያስተውለው ይቀራል። ስለዚህ በየወሩ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለቱንም ዓይኖቿን ከቅርብ ፎቶ ያንሱ፤ ብሌኗ በብርሃን ሲጠብ ባለቀለሙ ክፍል በሰፊው ይታያል። ልዩነት ካዩ ፎቶዎቹን ይዘው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ።